ዘሩ ይዋኛል፤ ታዲያ ቡሬ ለምን አልያዘችም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሰንዳፋ ዳር ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት ወተት ሸጬ ነው፤ አሁን ሁለት ክልስ ላሞች አሉኝ። ቡሬ የምንላት ከመስቀል ወዲህ ሦስት ጊዜ ብትዳቀልም በየሦስት ሳምንቱ ተመልሳ ትደራለች። በሦስተኛው ጊዜ ማታ ሳልባት ስትጮህ ሰማሁ፤ ሌላዋ ላም ስትወጣባትም ቆማ ተቀበለች። አዳቃዩ የመጣው ግን በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ነው። ቀጭኗን የፕላስቲክ ቀሰም ከናይትሮጅኑ አውጥቶ በመዳፉ አሻሻትና ሥራውን ጨረሰ። የእህቴ ልጅ ሰፈራችን ባለ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀሰሟ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ወዲያው ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየችና «ይዋኛል፣ ሕያው ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቼ «እንግዲያው ጥፋቱ የላሟ ነው፤ ለሥጋ ሽጪያት» ይሉኛል። ልሽጣት?

መልስ፦ እትዬ፣ አሁን አይሽጧት። የእህትዎ ልጅ ያየችው እውነት ነው፤ ጎረቤቶችዎ ከዚያ ተነሥተው የሰጡት ፍርድ ግን ልክ አይደለም። በዚህ ፍርድ ስንት ደኅና ላም ወደ ቄራ ሲነዳ ስላየሁ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ወጣት ሳለሁ ቃሊቲ በሚገኘው የኮርማ ጣቢያ ልምምድ ላይ ነበርሁ። ገና የተቀዳ አባላዘር፣ ማለትም የኮርማው ዘር ፈሳሽ፣ በሞቀ መስታወት ላይ ጠብ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ እንደሚንተከተክ ሽሮ ይገለባበጣል። ያን ያየ ሰው «ይህማ ያስረግዛል» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ማይክሮስኮፑ የማያሳየኝ በየሕዋሱ ገጽ ላይ የተተከሉትን ፕሮቲኖች ነበር።

መዋኘቱ ዘሩን እንቁላሏ ዘንድ ያደርሰዋል። ከደረሰ በኋላ መዋሐድ የሌሎች ፕሮቲኖች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ማሳሩ ኦካቤና ባልደረቦቹ ከእነዚህ አንዱን በአይጥ ዘር ላይ አገኙና፣ ጃፓናውያን ለጋብቻ በሚሳለሙት መቅደስ ስም «ኢዙሞ» አሉት። ይህ ፕሮቲን የጎደለው የአይጥ ዘር ይዋኛል፣ የእንቁላሏንም የውጭ ሽፋን አልፎ ይገባል፤ ከእንቁላሏ ጋር መዋሐድ ግን አይችልም። በ2014 ደግሞ ካምብሪጅ አጠገብ ባለው የሳንገር ተቋም፣ በእንቁላሏ በኩል ኢዙሞን የሚይዘው ፕሮቲን ታወቀና «ጁኖ» ተባለ።

እርስዎን ይበልጥ የሚነካዎት ግን የኮርማው ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት ፍሌክፊ ስለተባሉ የአውሮፓ ኮርማዎች ይናገራል። አባላዘራቸው የተለመደውን ምርመራ ያልፋል፤ ላሞቹ ግን አይይዙም ማለት ይቻላል። ሲመረመር ቲኤምኢኤም 95 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ላሞቹ ምንም አላጠፉም ነበር።

እንዲህ ያለው ብርቅ ስለሆነ የቡሬም ኮርማ ይኸው ነው አልልዎትም። እኔ የምጠረጥረው መዳፉንና ሰዓቱን ነው።

የወንድ ዘር ሕዋስ ከሌሎች ሕዋሳት ይለያል። ዘረመሉ ፕሮታሚን በተባለ ፕሮቲን ጥብቅ ተደርጎ ስለታሠረ አዲስ ፕሮቲን ለመሥራት አቅም የለውም ማለት ይቻላል። ያለው በቆለጥ ውስጥ ሲፈጠር ያገኘው፣ ከዚያም ከቆለጡ ጋር በተያያዘው ረጅም ጥምዝ ቱቦ ሲያልፍ የለበሰው ብቻ ነው። በአጉል አቀላለጥ ገጹ ከተጎዳ የጠፋውን አይተካም፤ ጅራቱ ግን መወዛወዙን ሊቀጥል ይችላል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ከሆነ ቅዝቃዜ የወጣች ቀሰም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ከግማሽ ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ መቆየት አለባት፤ ከዚያ ደርቃ፣ ከብርድና ከፀሐይ ተጠብቃ ወዲያው መግባት ነው። በሰንዳፋ ብርድ የሰው መዳፍ ይህን አይሠራም።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ቻንግና ኦስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አንዱ በአሜሪካ ሌላው በአውስትራሊያ፣ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ ሰዓታት ካልቆየ እንደማያስረግዝ ለየብቻቸው አሳዩ። በዚያ ቆይታ ከላዩ የሚገፈፍ ፕሮቲን አለ፤ የሚለወጥም አለ። እንቁላሏም ከወጣች በኋላ ብዙ አትጠብቅም። ማታ የደራች ላም በማግሥቱ ጠዋት፣ ጠዋት የደራች ከሰዓት በኋላ ትዳቀል የሚባለው ለዚህ ነው። ለቡሬ የተመጣላት አንድ ቀን ሊሞላ ሲል ነው።

ሦስት ጊዜ የመለሰች ላም ግን ሐኪም ማሕፀኗን ሳያይ ለአራተኛ አትዳቀል፤ ድብቅ ቁስለት ካለ ይታከማል። ቀሰሟ ላይ የታተመውን የኮርማ ቁጥርም ይጻፉና በዚያው ኮርማ ያዳቀሉ ጎረቤቶችን ይጠይቁ። የእነርሱ ላሞች ከያዙ ኮርማውን መጠርጠር ይተዉ።

ሐኪሙ ደኅና ናት ካለ፣ በሚቀጥለው ድራት ማታ ምልክቱን እንዳዩ ለአዳቃዩ ያኔውኑ ይደውሉለት። ጠዋት ሲመጣ ሙቅ ውኃ በፔርሙዝ ይዘው በረት ደጅ ይጠብቁት፤ ቴርሞሜትሩን የእህትዎ ልጅ ታምጣ።