ልባችሁ ታሞ በሐዋሳ ጥርስ ለመታከም ለምትመጡ ወገኖች

ለክረምት ወይም ለገና ወደ ሐዋሳ የምትመጡ ወገኖቼ፣ በውጭ አገር የጥርስ ሕክምና ዋጋ ስለሚከብድ ብዙዎቻችሁ ሕክምናውን ለአገር ቤት ጉዞ እንደምታቆዩት አውቃለሁ፤ በዚህም አልወቅሳችሁም። ይህን ምክር የምጽፈው ግን የልብ ሕመም ወይም የልብ ምት መዛባት ላለባችሁ ነው። እኔም በልጅነቴ ቶንሲልን ተከትሎ በመጣ የሩማቲክ ልብ ሕመም ምክንያት፣ በባዕድ አገር ስኖር ሰው ሠራሽ ቫልቭ (የደምን ፍሰት የሚቆጣጠር የልብ በር) ተገጥሞልኝ የተመለስኩ ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩ የራሴም ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ዋርፋሪን የተባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ጥርስ ልትነቀሉ ስለሆነ ብቻ መድኃኒቱን በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ እለምናችኋለሁ። ከነቀላ በኋላ የሚፈሰው ደም በጎዝ ተጭኖ፣ ድዱም ተሰፍቶ ሊቆም ይችላል፤ መድኃኒቱ በመቋረጡ በቫልቩ ላይ ወይም ምቱ በተዛባው ልብ ውስጥ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ግን የሚያስከትለው ስትሮክ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ሊተው ይችላል። በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ፣ አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ ቁጥር) ከ4 በታች እስከሆነ ድረስ ዋርፋሪን ሳይቋረጥ ጥርስ መንቀል እንደሚቻል ያስቀምጣል፤ ምርመራው ቢቻል ከነቀላው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት የተለካው ውጤት አይበቃም። በተለይ በጾም ወቅት ከመጣችሁና ጎመን በየቀኑ የምትበሉ ከሆነ፣ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ቁጥሩም በአጭር ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። አይ ኤን አር የሚለካ ላቦራቶሪ የት እንዳለ ቤተሰብ አስቀድሞ ያጣራላችሁ። እንደ አፒክሳባን ያሉትን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ለምትወስዱ ይህ ምርመራ አያገለግልም፤ የዚያን ቀን ጠዋት ኪኒኑ ይዋጥ ወይስ ይዘግይ የሚለውን የልብ ሐኪማችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከአፍ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ድድ ሲነካ የሚገባው ጀርም በቫልቭ ላይ ሰፍሮ ኢንዶካርዳይተስ የተባለውን አደገኛ የልብ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የመከላከያ አንቲባዮቲክን የሚመክረው ከፍተኛ ሥጋት ላለባቸው ነው፤ ከእነርሱም መካከል ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ ቀድሞ ይህ ኢንፌክሽን የያዛቸውና አንዳንድ የተፈጥሮ የልብ ጉድለት ያለባቸው ይገኙበታል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን ከሕክምናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ የሚዋጥ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሌላ ይታዘዝለታል። የልብ ምት መዛባት፣ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ቱቦ) ወይም ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ብቻ ያላችሁ ግን በዚህ ምክንያት አንቲባዮቲክ አያስፈልጋችሁም።

ከነቀላ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት አብዝቶ ያሳስበኛል። በአገራችን የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክና አንቲባዮቲኩ ሜትሮኒዳዞል አብረው መታዘዛቸው የተለመደ ነው፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ግን የመጀመሪያው የጨጓራ መድማትን ያባብሳል፣ ሁለተኛው የዋርፋሪንን ኃይል ያንራል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሜትሮኒዳዞል የግድ ካስፈለገ አይ ኤን አር በቶሎ እንደገና ይለካ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐኪሙ ሲያውቅ ነው። ብዙዎቻችን ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ብለን የልባችንን ሕመም እንደብቃለን፤ እህት ወይም እናት አጠገባችን ተቀምጣ ሐኪሙ «ሌላ ሕመም አለ?» ሲል «የለም» እንላለን። ለቤተሰብ መንገር ካልፈለጋችሁ ከሐኪሙ ጋር ብቻችሁን ግቡ፤ የመድኃኒታችሁን ዝርዝርና የፔስሜከር ካርዳችሁን አሳዩት፤ በተለይ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ንገሩት፣ በማደንዘዣው ውስጥ ያለውን አድሬናሊን መጠን ይወስናልና።

የታችኛው መንጋጋችሁ ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ እየታመመ ስታርፉ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ በተለይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት፣ ሕመሙ ከጥርስ ሳይሆን ከልብ ሊሆን ይችላልና ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።