ራሙን ማን በላው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ አቤቱታ አላቸው፦ ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ) ከበደ፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ተንቀራፈፈ። ብዙውን ጊዜ የሚያጥረው ራም ነው፤ ሜሞሪም ይባላል፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው። ስድስቱን እነሆ።

ሸዋሮቢት ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ 4 ጊጋባይት ራም ነው። ክሮም ላይ ሦስት ገጽ ብቻ ከፍቼ የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ሳየው "ክሮም" የሚል መስመር 14 ጊዜ ተደርድሯል። ቫይረስ ይሆን?

ቫይረስ አይደለም። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰስ (ለየብቻ ለሚሮጡ የፕሮግራም ክፍሎች) ያከፋፍላል፤ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሲሆን ነገሩ ከብልሽት አልፎ የምስጢር ጉዳይ ሆነ። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አብረው ከተቀመጡ ሁለት ድረ ገጾች አንዱ የሌላውን መረጃ ሊያነብ የሚችልበት መንገድ ተገኘ። ስለዚህ በዚያው ዓመት የወጣው 67ኛው ስሪት ድረ ገጾችን በየራሳቸው ፕሮሰስ መለየት ጀመረ። ጉግል ያኔ እንዳስታወቀው የራም ፍጆታው በዚህ የተነሳ ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨምሯል። ራም ለመቆጠብ ብለው ይህን መለያየት እንዲያጠፉ የሚመክርዎ ካለ አይስሙት። የስንት ሰው መታወቂያና የይለፍ ቃል በሚያልፍበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ ዋጋ ሊከፈል ይገባል።

ማን ስንት እንደሚበላ ለማየት የዊንዶውሱን ትተው የክሮምን የራሱን ታስክ ማኔጀር ይክፈቱ፤ ክሮም ላይ ሆነው ሺፍትንና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። የሜሞሪውን ዓምድ ራስጌ ሲነኩት ትልቁ ወደ ላይ ይወጣል። "ብራውዘር" የሚለው መስመር ዋናው ፕሮግራም ነው፣ "ጂፒዩ ፕሮሰስ" ሥዕሉን የሚሥለው ነው፣ "ታብ" የሚሉት የከፈቷቸው ገጾች ናቸው። "ሰብፍሬም" የሚለውን ልብ ይበሉት፤ ገጹ ውስጥ ከሌላ ድረ ገጽ መጥቶ የተለጠፈ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ። አንድ የዜና ገጽ ከፍተው አራት አምስት ሰብፍሬም ካዩ ክብደቱ ከብራውዘሩ ሳይሆን ከገጹ ነው። "ኤክስቴንሽን" የሚሉት ደግሞ ብራውዘሩ ላይ የተጫኑ ተጨማሪ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ ምንም ገጽ ሳይከፍቱም ሊበሉ የሚችሉት ናቸው። ማን እንደጫነው የማያስታውሱት ፒዲኤፍ መቀየሪያ ወይም ቪዲዮ ማውረጃ እዚያ ካገኙ ከኤክስቴንሽን ገጹ ገብተው ያስወግዱት። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደንበኛ የጫነው ኤክስቴንሽን ከራም ይልቅ ለምስጢር ያሰጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሜሞሪው ሳይሞላ ሲፒዩው፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ሥራ፣ ብቻ ከፍ ብሎ ማራገቢያው የሚጮህ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ሊሆን ይችላል። በሸዋሮቢት ሙቀት ላይ የማራገቢያው አቧራ ሲታከልበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ አቧራውን ያስጠርጉ።

ደብረ ሲና፦ "ራም አጽጂ" የሚባል ፕሮግራም ልጫን?

አይጫኑ። እነዚህ ፕሮግራሞች ክፍት ገጾችዎን ከራም ገፍተው ወደ ዲስክ ይጥሏቸዋል፤ ቁጥሩ ለጥቂት ሰከንድ ያምራል። ወደ ገጹ ሲመለሱ ሁሉም ከዲስክ እንደገና ይነበባልና ማሽኑ ይብስበታል። ፕሮግራሙ ራሱም ራም ይበላል።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። 30 ገደማ ታብ ስከፍት የዲስኩ መብራት ሳይጠፋ ይበራል፣ ማውዙ እንኳ አይንቀሳቀስም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ራም ልጨምር ወይስ ብራውዘር ልቀይር?

የዲስኩ መብራት ነገር ምርመራውን አቅልሎልናል። ዊንዶውስ 10 ተነሥቶ ሲረጋ ብቻውን ከ1.5 እስከ 2 ጊጋባይት ይይዛል። አብሮ የተሠራው ግራፊክስም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ለብራውዘሩ የሚተርፈው 2 ጊጋባይት ቢሆን ነው። ከዚያ ሲያልፍ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ልዩነቱ እንጀራ ከሞሰብ በማንሣትና እህል ይዞ ወፍጮ ቤት በመሄድ መካከል እንዳለው ነው። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ መቶ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ማውዙ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ብራውዘር መቀየር እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ያው ገጽ በሌላ ብራውዘርም ያን ያህል አይቀልም።

ገንዘብ የማያስወጣውን ለዛሬ አድርግ። ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ "ፐርፎርማንስ" በሚለው ስር "ሜሞሪ ሴቨር"ን አብራና "ማክሲመም" ላይ አድርገው፤ ያልነካኸውን ታብ ከራም ያወጣዋል፣ ስትነካው እንደገና ይጫናል። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ እንደገና መጫኑ ዳታ ይበላልና፣ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆኑ የምትፈልጋቸውን አድራሻዎች እዚያው ታች ባለው ዝርዝር አስገባ። ድምፅ የሚያጫውት፣ ፋይል የሚያወርድ ወይም በግማሽ የተሞላ ቅጽ ያለው ታብ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ያም ሆኖ የጻፍከውን ሳታስቀምጥ አትሂድ።

ከ30ዎቹ ታቦች አብዛኞቹ "በኋላ አነበዋለሁ" የተባሉ ይመስሉናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና የዲ (D) ቁልፍን አብረህ ተጫን፤ ሁሉም በአንድ የቡክማርክ (የአድራሻ ማስቀመጫ) ማኅደር ይቀመጣሉ። ከዚያ ያለ ሥጋት ዝጋቸው። ጥናታዊ ጽሑፎችን ደግሞ በፒዲኤፍ አውርደህ ከብራውዘር ውጭ አንብብ፤ መብራትም ኔትወርክም ሲሄድ አብረውህ ይቆያሉ።

መብራት ሲመጣ የሚብሰው ብራውዘሩ የነበሩትን ታቦች ሁሉ መልሶ ለመጫን ስለሚታገል ነው። "ኦን ስታርትአፕ" ከሚለው ላይ አዲስ ታብ እንዲከፍት አድርገው። ፋየርፎክስ በዚህ ይሻላል፤ የተመለሱትን ታቦች ስማቸውን ብቻ ደርድሮ፣ የምትነካውን ብቻ ይጭናል።

ገንዘብ ካለህ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይር፣ ቀጥለህ ራሙን ወደ 8 አድርስ። ራም ለመግዛት ከመውጣትህ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጥ። አንደኛ፣ በዊንዶውስ ሴቲንግስ "አባውት" ላይ ሥርዓቱ 64 ቢት መሆኑን እይ፤ 32 ቢት ከሆነ 8 ብትጨምርበትም ከ4 በላይ አይጠቀምም። ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር "ፐርፎርማንስ" ከዚያ "ሜሞሪ" ብለህ ስንት ማስገቢያ ባዶ እንደሆነና ፍጥነቱን ጻፍ። 1600 ካለ ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፣ 2400 ወይም 2666 ካለ ዲዲአር4። የላፕቶፕ ዲዲአር3 204 እግር አለው፣ ዲዲአር4 260፤ ቀዳዳቸውም ስለማይገጥም በግድ አይግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3 ኤል ላይ ነው። ኤል ያለው በ1.35 ቮልት ይሠራል፣ የሌለው 1.5 ይፈልጋል። ኤል የሚጠይቅ ላፕቶፕ ላይ ኤል የሌለውን ብታስገባ ላይነሣ ይችላል። አሮጌውን ራም አውጥተህ ይዘህ ሂድና ጽሑፉን አስተያይ።

ከመሐል ሜዳ፣ መምህር ነኝ። ብራውዘር ገጽ ማንበቢያ ነበር። አሁን ስከፍተው ዜና፣ የገበያ ቅናሽ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቂያ፣ የጎን ሰሌዳ ይዞ ይመጣል። ለምን? ማጥፋትስ ይቻላል?

ልማዱ የቆየ ነው። ኔትስኬፕ የተባለው የቀድሞ ብራውዘር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሙኒኬተር ብሎ ያወጣው ጥቅል ኢሜይል መጻፊያና ገጽ ማዘጋጃ ጭምር ነበረው፤ ከእሱ የወጣው የሞዚላ ፕሮጀክትም ያንኑ ሸክም ወረሰ። በ2002 ጥቂት ገንቢዎች ያንን ሁሉ አራግፈው ገጽ ማሳየት ላይ ብቻ ያተኮረ ብራውዘር አወጡ፤ ስሙ ፊኒክስ ነበር፣ በ2004 ፋየርፎክስ 1.0 ሆነ። ቀላል ለመሆን የተወለደው ይኸው ፋየርፎክስ በ2014 ሄሎ የተባለ የቪዲዮ መደወያ ጨመረ፣ በ2016 አወጣው። ፖኬት የተባለውን፣ ገጽ ለበኋላ ንባብ ማስቀመጫ፣ በ2015 አስገባ፣ በ2017 ድርጅቱን ገዛ፣ በ2025 አገልግሎቱን ዘጋው።

ብራውዘር በነጻ ይሰጣል። ገቢው ከፍለጋ፣ ከማስታወቂያና ሰው ዓይኑን ከሚያሳርፍበት ቦታ ይመጣል፤ ስለዚህ ባዶ ገጽ ለባለቤቱ ያልታረሰ መሬት ነው። እያንዳንዱን ጭማሪ የሚፈልግ አንድ ሰው አይጠፋም፣ የማስወገድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በእኛ እምነት ትልቁ ጥፋት ጭማሪው ራሱ አይደለም፤ ሳይጠየቁ በርቶ መምጣቱ ነው።

ለራም ሲባል ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ያልነኩት ቁልፍ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ከበስተኋላ የሚሮጠው ነው። ኤጅ (የማይክሮሶፍት ብራውዘር) ላይ ሴቲንግስ ውስጥ "ሲስተም" የሚለውን ከፍተው "ስታርትአፕ ቡስት"ንና ኤጅ ተዘግቶም ከበስተኋላ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ያጥፉ። እዚያው "ስሊፒንግ ታብስ"ን አብርተው ጊዜውን 5 ደቂቃ ያድርጉት። አዲስ ታብ ላይ ካለው የማርሽ ምልክት ዜናውን ያጥፉ፤ ታብ በከፈቱ ቁጥር ሥዕልና ቪዲዮ የሚያወርደው እሱ ነው፣ ዳታም ያድንልዎታል። ክሮም ላይ ደግሞ "ሲስተም" ውስጥ ተዘግቶም እንዲሠራ የሚለው አንድ ቁልፍ አለ፤ ያጥፉት።

ዓለም ከተማ፦ ስልኬ 2 ጊጋባይት ራም ነው። መመዝገቢያ ቅጽ ሞልቼ በመልእክት የመጣውን ኮድ አይቼ ስመለስ ገጹ ከሀ ይጀምራል።

አንድሮይድ ራም ሲያጥረው ከፊት የሌለውን መተግበሪያ ይዘጋል። ስለዚህ ከክሮም አትውጪ፤ መልእክቱ ሲመጣ ከላይ ያለውን ማሳወቂያ በጣትሽ ጎትተሽ ኮዱን እዚያው አንብቢው። ቅጹ ፎቶ የሚጠይቅ ከሆነ ካሜራውን ከቅጹ ውስጥ አትክፈቺ፤ ካሜራ ከባድ ስለሆነ ክሮምን ገፍቶ ያስወጣዋል። ፎቶውን ቀድመሽ አንሺና ከማኅደር ምረጪ። ከመጀመርሽ በፊት ሌሎቹን መተግበሪያዎች ዝጊ፣ ረጅሙን መልስ ማስታወሻ ላይ ጽፈሽ ቅጂ።

ኦፔራ ሚኒ ለዜና ንባብ ጥሩ ነው። ከፍተኛ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹን በኦፔራ ሰርቨር አብስሎና ጨምቆ ስለሚልከው ስልኩ ላይ አይከብድም። ለምዝገባና ለባንክ ግን አትጠቀሚበት፤ ቅጾች ይበላሹበታል፣ መረጃሽም በሌላ ሰርቨር በኩል ያልፋል።

አንኮበር፦ ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም አልታደስ አለኝ።

ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የወጣው 110 ዊንዶውስ 10ን ይጠይቃል። ባልታደሰ ብራውዘር የባንክና የኢሜይል ሥራ አይሥሩ። ማሽኑ 64 ቢት ፕሮሰሰርና ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ካለው በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይነሣበታል፤ ከፍላሽ አስነሥተው ሳይጭኑ ሊሞክሩት ይችላሉ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እዚያ ላይ በቀጥታ አይሠራም። የቆዩ ጽሑፎችዎ በፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ከሆነ ከመቀየርዎ በፊት ወደ ዩኒኮድ (በየትኛውም ሥርዓት ወደሚነበበው የፊደል አጻጻፍ) ያስቀይሯቸው።