ቤቱን የሚያሳይህ ደላላ የማን ወኪል ነው?

«ቤቱን ያሳየኝ ደላላ ለሻጩም ለአንተም እኔው እሠራለሁ አለኝ፤ ልፈርም?» ላልከው፦ አሁን አትፈርም። መጀመሪያ የማን ወኪል እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥህ።

ቤቱን ለመሸጥ ከሻጩ ጋር ከተዋዋለ ታማኝነቱ ለሻጩ ነው። ቢደውልልህም፣ በመኪናው ይዞህ ቢዞርም ያንተ ሰው አይደለም። እንዳይዋሽህ መጠበቅ ትችላለህ፤ ዋጋ እንዲያስቀንስልህ ግን አትጠብቅ። ያ የገዢ ወኪል ሥራ ነው።

ሁለታችሁንም እወክላለሁ ሲል ነገሩ ይወሳሰባል። እንዲህ ያለው ድርብ ውክልና ክልክል የሆነባቸው ቦታዎች አሉ፤ በሚፈቀድበትም አብዛኛውን ጊዜ ገዢና ሻጭ አውቀው በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ ያለህበትን ቦታ ሕግ አጣራ። ብትስማማም «ስንት ባቀርብ ያዋጣኛል?» ብለህ ስትጠይቀው ሊመልስልህ አይችልም። ሻጩ እስከ ስንት እንደሚወርድ ቢያውቅም አይነግርህም። ኮሚሽኑ ግን ሙሉውን የእሱ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን የራሴን ወኪል እይዝ ነበር።

ማንንም ሳይወክል ወረቀቱን ብቻ የሚያስጨርስ ደላላም አለ። ዋጋውን ራሳችሁ ከጨረሳችሁ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ ነው። ሰው ቤቱን ወዶት ከክፍል ክፍል ሲዞር «ግድ ከሆነማ ትንሽ እጨምራለሁ» ይላል። የራስህ ወኪል እስኪኖርህ ድረስ ይህችን ቃል ከአፍህ እንዳታወጣ። የሻጭ ወኪል የሰማውን ለሻጩ የመንገር ግዴታ አለበት።