«ማሽኑ ይነሳ» ማለት መግደል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ አባታችን 78 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ገብተው መተንፈሻ ማሽን ላይ ከሆኑ 11 ቀናቸው። ሐኪሞቹ «ይነቃሉ ብለን አንጠብቅም፤ ወይ ጉሮሯቸው ተበስቶ ይቀጥላል፣ ወይ ማሽኑ ይነሳል» አሉን። ታላቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ እየደወለ «አባቴን እንዳትገድሉብኝ» ይላል። እናታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ አባባም የጻፉት ነገር የለም። የሚወስነው ማን ነው?
(ሁለት እህትማማቾች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድማችሁ የተጠቀመበት ቃል ከባድ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ሰው እንዲሞት ታስቦ መርፌ ቢወጋ ያ መግደል ነው፤ ሜሪላንድም ሆነ ኢትዮጵያ በወንጀል ያስጠይቃል። ማሽኑ ሲነሳ ግን የሚወስዳቸው ስትሮኩ ነው፤ የሚቆመው ሊያድናቸው ያልቻለው ሕክምና ነው። በአሜሪካ ሕግ ማሽኑን መጀመሪያውኑ አለማስገባትና ካስገቡት በኋላ ማንሳት እኩል ናቸው። «አንዴ ከተጀመረማ እንዴት ይነቀላል?» የሚለው ስሜት ግን የወንድማችሁ ብቻ አይደለም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ሳያቋርጥ የሚሠራ መተንፈሻ ማሽን አንዴ ከተጀመረ እንዲነቀል አልፈቀደችም። መውጫ ያደረገችው ሰዓት ቆጣሪ ነው፦ ማሽኑ ጊዜው ሲሞላ ይቆማል፣ ያኔ ጥያቄው «ይነቀል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «እንደገና ይጀመር ወይ?» ይሆናል። ብልሃት ነው የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውን ምን ያህል ከባድ አድርገው እንዳዩት ግን ያሳያል።

ወደ እናንተ ስንመለስ፣ በሜሪላንድ ሕግ ወኪል ላልሾመ ታማሚ የሚወስኑለት ሰዎች ተራ እንዲህ ነው፦ ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ካለ እሱ፣ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ልጆች። ስለዚህ ሦስታችሁም እኩል ናችሁ። በኩርነት አይጨምርለትም፤ ስልክ እስካነሳ ድረስ አዲስ አበባ መሆኑም አይቀንስበትም። «ሁለት ለአንድ በለጥን» ማለት ግን አይሠራም፤ ድምፅ አይቆጠርም። እኩል መብት ያላቸው ካልተስማሙ ጉዳዩ ለሆስፒታሉ የታማሚ እንክብካቤ አማካሪ ኮሚቴ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ኮሚቴ ሊኖረው ግድ ነው። ከዚያ በፊትም አባታችሁ ራሳቸው መወሰን እንደማይችሉ በሐኪም፣ ሕመሙ የመጨረሻ ደረጃ ላይ መድረሱ ወይም የመንቃት ተስፋ አለመኖሩ ደግሞ በሁለት ሐኪሞች በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ጽፈው እንደሆነ ጠይቁ።

ኮሚቴ ጋ ሳትደርሱ ግን አንድ ስብሰባ አስጠሩ። ወንድማችሁ በቪዲዮ ይግባ። ከእናንተ አንዳችሁ እንዳታስተረጉሙ፤ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ የአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። እህት ስታስተረጉም ወንድም የሚሰማው የሐኪሙን ቃል ሳይሆን የእህቱን ፍላጎት ነው፤ ጠቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። የነርቭ ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ምስል ከፍቶ የተጎዳውን ቦታ ያሳየው። ሕጉ የሚጠይቃችሁም «እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ አይደለም፤ «አባባ ቢናገሩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ ነው። ጎረቤት ታሞ ሲጠይቁ «እኔንስ እንዲህ አያድርገኝ» ብለው ከሆነ፣ ያ ማስረጃ ነው።

አሁንም ካልተስማማችሁ የጊዜ ገደብ ያለው ሙከራ ጠይቁ፦ ለምሳሌ 5 ቀን፣ ምን ምልክት ከታየ እንደሚቀጥል ምን ካልታየ እንደሚቆም አስቀድሞ ተነግሮ። የጉሮሮ መብሳት ጥያቄ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በአፍ የገባው ቱቦ ሲቆይ የድምፅ ሳጥኑን ስለሚጎዳ። ጥቂት ቀን ይታገሡን ማለት ይቻላል።

ይነሳ ከተባለ ቀኑንና ሰዓቱን እናንተ አስወስኑ፤ የንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይምጡ። ቀንዲል ይደረግላቸው ከተባለ ለሆስፒታሉ ቄስ ወይም ለኃላፊ ነርሷ ንገሩ፤ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ ማብራት እሳት ያስነሳል፣ ቅባቱ ግን ችግር የለውም። በቱቦ የሚሰጠው ምግብ ከሰዓታት በፊት ይቆማል፤ ሞርፊንና ማረጋጊያ በደም ሥር ተሰጥቶ እስኪሠራ ይጠበቃል፤ የማንቂያ ድምፆቹ ይጠፋሉ፤ ከዚያ ቱቦው ይወጣል። አንዳንዱ በደቂቃዎች ያርፋል፣ አንዳንዱ ራሱ እየተነፈሰ ቀናት ይቆያል። ይህ ያልተነገረው ቤተሰብ በሁለተኛው ቀን «ተሳስተን ነው» ብሎ ይደነግጣል። ወንድማችሁም ይህን አስቀድሞ ይስማ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቤት ውስጥ በሆስፒስ (ለማዳን ሳይሆን ሕመም ለማስታገስ በሚሰጥ የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ) ነው የሚታመሙት። ነርሷ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ስጪ ትለኛለች። ሰጥቼ ቢሞቱስ? ምግብም እንቢ ብለዋል።

መልስ፦ ለሕመም ተመጥኖ የታዘዘ ሞርፊን አይገድልም፤ የሚገድለው የአለካክ ስህተት ነው። ብልቃጡን አንሺና አንብቢ። ሆስፒስ የሚልከው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የበዛበት ኃይለኛ ፈሳሽ ነው፦ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም። የታዘዘልሽ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ የምትስቢው 0.25 ሚሊ ሊትር፣ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አንድ አራተኛ ነው። «5» የሚለውን አይታ 5 ሚሊ ሊትር የሰጠች ልጅ 100 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው። ነርሷ ሲሪንጁ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታስምርልሽ። መዋጥ ካቃታቸው ከምላስ ሥር ወይም ከጉንጭ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ሆድ ድርቀት አይቀርም፤ የሚያላላው መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጥ። ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀን ይተዋል። ኩላሊታቸው ደካማ ከሆነ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፦ እጃቸው ብርግግ ካለ ወይም ሲጠሩ አልነቃ ካሉ የሚቀጥለውን ሳትሰጪ ለሆስፒሱ ደውይ፣ ሌሊትም ያነሳሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቆም እያለ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ደቂቃ፣ መመለሱ የሞት አካሄድ ራሱ ነው፤ ሞርፊን ያልወሰደም እንዲሁ ይሆናል።

ምግቡን አታስገድጃቸው። ሰውነቱ እየተዘጋ ሲሄድ የሚጎረሰው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ግሉኮስም ቢሆን እብጠትና የደረት ማንኮራፋት ያመጣል። አፋቸውን በየሁለት ሰዓቱ በረጠበ ስፖንጅ ጥረጊ፣ ከንፈራቸውን ቅባት ቀቢ። ጎረቤት «በረሃብ ገደለቻቸው» ቢል፣ ጎረቤት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካንሰር አለበት፣ «ልቀቁኝ» ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ለመሞት የሚወሰደው መድኃኒት ይፈቀዳል ሲባል ሰማሁ። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ነው።

መልስ፦ ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ለዲሲ ነዋሪ ብቻ። ታማሚው 18 ዓመት የሞላው፣ ሁለት ሐኪሞች ከ6 ወር አይዘልቅም ያሉት፣ አእምሮው የተስተካከለ መሆን አለበት። በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ በቃሉ፣ አንድ ጊዜ በሁለት ምስክር ፊት በጽሑፍ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱንም ራሱ ይወስዳል። ቤተሰብ አይጠይቅለትም፣ ሐኪምም አይወጋውም። ሜሪላንድ አልፈቀደችም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴኔቱ 23 ለ23 ተከፍሎ ረቂቁ ወድቋል። ኢትዮጵያ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 ራስን ማጥፋት የሚያግዝን ይቀጣል።

«ልቀቁኝ» ግን ሁልጊዜ መድኃኒት መጠየቅ አይደለም። «ምኑ ነው የከበደህ?» በይው። ሕመሙ ከሆነ መጠኑ ይስተካከላል፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ይታከማል፤ ሆስፒታል መመላለሱ ሰልችቶት ከሆነ ኬሞውን አቁሞ ሆስፒስ መግባት በየትኛውም ግዛት መብቱ ነው።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው። ልጆቼ በእኔ እንዳይጣሉ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ይሙሉ፤ ራስዎ መናገር ባይችሉ ማን እንደሚወስንልዎና ምን ሕክምና እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጠበቃም ኖታሪም አያስፈልገውም፤ ሁለት ምስክር ይበቃል። ወኪልዎ ምስክር መሆን አይችልም፤ ከምስክሮቹም ቢያንስ አንዱ ከእርስዎ ሞት የሚያገኘው ጥቅም የሌለው ይሁን። ወኪል አድርገው የሚወዱትን ሳይሆን ሐኪም ፊት አፉን የሚፈታውን ይምረጡ፤ ተተኪም ይጻፉ።

በኋላ በጽኑ ቢታመሙ ግን ይህ ወረቀት አምቡላንስ አያቆምም። የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚያከብሩት ሐኪም የፈረመበትን፣ የትኛው ሕክምና እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ የሚያዝ «ሞልስት» የተባለ ቅጽ ነው። እሱ ከሌለ ልብዎ ሲቆም ደረትዎን ይጫናሉ፤ ጎድን ሊሰበር ይችላል። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ አይቆልፉበት፤ ፍሪጅ በር ላይ ይለጥፉት፣ የአድቫንስ ዳይሬክቲቩን ፎቶ ደግሞ ባሕር ማዶ ላለው ልጅዎ እንደሞሉት ዕለቱኑ ይላኩለት።