«መጡ» ወይስ «መጣችሁ»? የአንድ እድር ክርክር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እድራችን ዘንድሮ ብዙ አዲስ አባላት ስለገቡለት አጭር የአቀባበል ጽሑፍ አዘጋጀን። በአባልነት ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታተማል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ውድ አዲስ አባላት፣ ወደ እድራችን እንኳን ደህና መጡ። እባካችሁ ደንቡን አንብቡ። ጥያቄ ካለህ/ሽ ጸሐፊውን ያነጋግሩ። ስለተቀላቀሉን እናመሰግናለን።» ወጣቶቹ «መጣችሁ ይባል» አሉ። ሽማግሌዎቹ «መጣችሁ ክብር የለውም» ብለው እንቢ አሉ። አንዱ ደግሞ «እንኳን በደህና» ካልተባለ ስህተት ነው ይላል። ሁለት ስብሰባ በዚሁ አለቀ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ አዲስ ሰው በምን ቃል እንቀበል ብሎ ሁለት ስብሰባ የሚቀመጥ እድር ደስ ይለኛል። ዋናው ችግር ግን የተከራከራችሁበት ቃል አይደለም። እሱን ከመንካቴ በፊት ክርክሩን ልይ።

«መጡ» ለሦስት ይሠራል፤ ለእርስዎ፣ ለእሳቸው እና ለእነሱ። «አባባ፣ መቼ መጡ?» ስንል የምናነጋግረው አንድ ትልቅ ሰው ነው። «ልጆቹ መጡ» ስንል የምናወራው እዚያ ስለሌሉ ሰዎች ነው። ልጆቿ ከሩቅ የገቡላትን እናት «እንኳን ደህና መጡልሽ» እንላታለን። ስለዚህ ፊት ለፊት ላለ ሰው ሲነገር «መጡ» የሚያከብረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰዎቹ ሁለትም ይሁኑ ሁለት መቶ «መጣችሁ» ነው የሚባሉት።

የሽማግሌዎቹ ስጋት ይገባኛል። በሰሜን ሸዋ አንቱታ ቀላል ነገር አይደለም። እናቱን «አንቺ»፣ አባቱን «አንቱ» እያለ ያደገ ሰው ብዙ ነው። እኔም ያደግሁት እንዲያ ነው። በሙያው የተመሰገነውን ሰው «አንቱ የተባለ» የምንለውም ቃሉ ያንን ያህል ክብር ስላለው ነው። ይሁንና ይህ ልዩነት ያለው ነጠላው ላይ ነው። «አንተ»ም፣ «አንቺ»ም፣ «እርስዎ»ም ሲበዙ «እናንተ» ይሆናሉ። ቄሱና ሕፃኑ ጎን ለጎን ከተቀመጡ «እንዴት ዋላችሁ» እንላለን፤ ማንም አይቀየምም። ክብሩ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከግሡ በፊት አስቀምጡት፦ «የተከበራችሁ አዲስ አባሎቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ»። ይህ ሽማግሌዎቹንም የሚያስደስት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ጽሑፋችሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «አባላት» ብሎ ብዙ ሰው ይጠራል። «መጡ» ብሎ አንድ ሰው ያከብራል። «አንብቡ» ሲል ብዙዎቹን ያዛል። «ካለህ/ሽ» ሲል አንዱን ልጅ ወይም አንዷን ልጅ ያናግራል። «ያነጋግሩ» ሲል ተመልሶ አንቱ ይላል። በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢው አራት ጊዜ ተለዋወጠ! በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው እንዲህ ቢናገር እንግዳው ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላው ይዞራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታናግሩትን ሰው ምረጡ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት። ደብተሩን አንድ ሰው በእጁ ይዞ ለብቻው ያነበዋል፤ ለእሱ «መጡ» ይሁን። ግድግዳውን ሁሉም ያየዋል፤ እዚያ «መጣችሁ» ይሁን። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ የተጣሉት አንድ ጽሑፍ ለሁለት ቦታ ሊያውሉ ስለሞከሩ ነው። «ህ/ሽ» ግን ከሁለቱም ቦታ ይውጣ። እንዲህ ያለው ዝባዝንኬ ለሚሞላ ቅጽ ነው። ሰላምታ ላይ ሲገባ ይቀዘቅዛል።

«ደህና» እና «በደህና» ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ደህና ግቡ» እንላለን፤ «በደህና ግቡ»ም እንላለን። «በ» ሲጨመር የመንገዱ ሰላም ትንሽ ጎላ ይላል። ቃሉ ራሱ ከግእዙ «ድኅነ» ነው የመጣው፤ «ዳነ» እና «መድኃኒት» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ሥሩን ጠብቆ መጻፍ የሚወድ «ደኅና» ብሎ ይጻፍ፤ «ደህና»ም የተለመደ ነው። ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማበርን ዳገት በጉም ውስጥ የወጣ ሰው ደብረ ብርሃን ሲደርስ «እንኳን ደህና መጣህ» ቢባል ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳውም።

«ወደ እድራችን»ስ? ሰዋስው አልተጣሰም፤ «መጣ» ከ«ወደ» ጋር ይሄዳል። የከተማ መግቢያ ላይም ያስፈልጋል፤ መንገደኛው የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ቤታችን ደጃፍ ላይ ግን «ወደ ቤታችን እንኳን ደህና መጣህ» ብለን አናውቅም። ቤቱ ውስጥ ያለን ሰው ቤቱን አንነግረውም። እኔ ብሆን አወጣው ነበር።

ስለ «ስለተቀላቀሉን» ከማንም በላይ ደፍሬ እናገራለሁ። ቃሉ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፤ ስህተት ነው አልልም። ለእድር ግን የራሳችን ቃል አለን። ሰው እድር ይገባል፣ እቁብ ይገባል፣ ማኅበር ይገባል። የሚቀላቀለው ገብስና ስንዴ ነው። «ገባ» ሲባል ቤት አለ፣ በር አለ፣ የሚቀበል ሰው አለ። ይህን ቃል እድር ከተወው ማን ይይዘዋል?

እንግዲህ ለደብተሩ ይህን አቀርባለሁ፦ «እንኳን ደህና መጡ። ከዛሬ ጀምሮ የእድራችን አባል ነዎት። እባክዎ ደንቡን ያንብቡ። የሚጠይቁት ካለ ጸሐፊውን ያነጋግሩ። እድራችን ስለገቡ ደስ ብሎናል።»

ለግድግዳው ደግሞ፦ «የተከበራችሁ አዲስ አባሎቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እባካችሁ ደንቡን አንብቡ። የምትጠይቁት ካለ ጸሐፊውን አነጋግሩ። እድራችን ስለገባችሁ ደስ ብሎናል።»

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሰላምታ መልስ አለው፤ «እንኳን ደህና ቆያችሁ»። ጽሑፉ በስብሰባው ላይ ሲነበብ አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ትንሽ ዝም ይበልና አዲሶቹ ይመልሱ።