ልጅሽ የሚገባበትን ክፍል አስቀድሞ ይየው፦ ለደብረ ማርቆሷ እናት

ትናንት አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት እዚህ ቡድናችን ላይ ጥያቄ አስቀምጣ ነበር። የ5 ዓመት ልጇ ለሄርኒያ ኦፕራሲዮን ባሕር ዳር ቀጠሮ ተይዞለታል። ልጁ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር እየጮኸ እናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። «ቪአር የሚሉት መነጽር ከኦፕራሲዮን በፊት የልጆችን ፍርሃት ይቀንሳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ብር ማባከን?» ነው ያለችው። ቪአር ማለት ዓይን ላይ ሲደረግ ሰውን የሚታየው ቦታ ውስጥ ያለ የሚያስመስል፣ ዙሪያውን ምስል የሚያሳይ መነጽር ነው። ብዙዎቻችሁ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብላችኋታል፤ አሜን። እኔ ደግሞ ልጄን ይዤ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስላት።

እህቴ፣ እውነት ነው። በልጄ አይቼዋለሁ። ግን መነጽር ስለተደረገ ብቻ ፍርሃት አይለቅም። ልጁ ሊገባበት ያለውን ክፍል አስቀድሞ ሲያይ ነው የሚለቀው። በዕለቱ ጠዋት በር ላይ ካርቱን ብታሳዪው ካርቱኑ ሲያልቅ ለቅሶው ሊቀጥል ይችላል። ቀደም ብሎ፣ ቤቱ ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ፣ መብራቱን፣ አልጋውን፣ ጭምብል ያደረጉትን ሰዎች ካየ ግን ሌላ ልጅ ሆኖ ነው የሚገባው።

እኔ ፍኖተ ሰላም አይሲቲ አስተምራለሁ። ልጄ 6 ዓመቷ ሳለ ቶንሲሏ እያበጠ ማታ ማታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ሪፈር ተጽፎልን ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ልክ እንዳንቺ ልጅ ሐኪም ስታይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። በፈረንጆቹ 2017 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ጥናት አገኘሁ። ከ4 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 69 ልጆች ናቸው። ገሚሶቹ በቪአር መነጽር የ4 ደቂቃ ቪዲዮ አዩ። ቪዲዮው ላይ ፖሮሮ የሚባል፣ በዚያ አገር ልጆች ዘንድ የታወቀ ፔንግዊን፣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ምን ምን እንደሚደረግ ያሳያል። የቀሩት የተለመደውን የቃል ማብራሪያ ብቻ ሰሙ። በልጆች የጭንቀት መለኪያ ሲታዩ ቪዲዮውን ያዩት 31.7፣ ያላዩት 51.7 ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጭንቀቱም ከፍ አለ ማለት ነው። ማደንዘዣ ሲሰጣቸውም ያዩት ልጆች የተሻለ ተባብረዋል።

ሁሉም ጥናት እንዲህ አላለም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ውስጥ 191 ልጆች ላይ የተሠራውና በፈረንጆቹ 2019 የታተመው በጭንቀት በኩል ልዩነት አላገኘም። እዚያም ቢሆን አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ) እና ቶንሲል ካስወጡት ውስጥ ቪአር ያዩት ልጆች ተጨማሪ የሕመም ማስታገሻ ያስፈለጋቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ። ለቶንሲል ልጅ አባት ይህች ብቻዋን ትበቃለች።

አሁን ወደ ሥራው።

1. ስልኩ። ውድ መነጽር አትግዢ። ስልክ የሚገባበት ፕላስቲክ መነጽር ይበቃል። ግን ስልኩ ጋይሮስኮፕ ያለው መሆን አለበት። ልጁ ጭንቅላቱን ሲያዞር ምስሉ አብሮት የሚዞረው በእሱ ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች የላቸውም። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ዩቲዩብ ላይ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ክፈቺና ስልኩን ይዘሽ ዙሪ። ምስሉ አብሮሽ ከዞረ አለው። የሸጠልኝ ሰው «ለማንኛውም ስልክ ይሠራል» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። የኔው ስልክ ላይ እንቢ ሲል ይዤለት ብመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ባያውሰን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ደግሞ ዕወቂው፦ ሜታ የተባለው ኩባንያ ለራሱ የቪአር መነጽር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ለትንንሾቹ አጭር፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሁን። ቁጭ ብሎ ይይ፤ በማሰሪያ አትጠፍሪው፣ በእጁ ይዞ ሲፈልግ ያውርደው። ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው አቁሚ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቂ አትሞክሪው።

2. የሚታየው። የውጭ ሆስፒታሎች ለልጆች ያዘጋጇቸው የኦፕራሲዮን ክፍል ቪዲዮዎች አሉ። መጀመሪያ ብቻሽን እዪው፤ ደምና ምላጭ ያለበት እንዳይሆን። ኔት ባለበት ሰዓት ቀድመሽ አዘጋጂው፤ ዋርድ ውስጥ አገኛለሁ ብለሽ እንዳትተማመኚ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ድምፁን ዘግቼ በጆሮዋ እነግራት ነበር። «ይኸውልሽ ትልቁ መብራት። ይህች ደግሞ እንድትተኚ የምታደርግሽ ናት። ይህ ጭምብል ነው፤ ሽታው ትንሽ ደስ አይልም፣ ግን ቶሎ ያልፋል።» ከዚያ ከባዱን ነገርኳት፦ «እኔና እማዬ በር ላይ እንቀራለን።» ዝም አለች። መነጽሩን አውርዳ «ስነቃስ?» አለችኝ። «ስትነቂ አጠገብሽ ነን» አልኳት።

እህቴ፣ እባክሽ እውነቱን ንገሪው። እኛ አገር ልጅ የምናሳድገው «ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!» እያልን ነው። እንዲህ ስናስፈራራው ከርመን ሆስፒታል በር ስንደርስ «ምንም አያደርጉህም» እንለዋለን። ለምን ይመነን? የልጄ አያትም ለደግ ብላ «ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሱሽ» ትላት ነበር። ስንት ጊዜ ለመንኳት!

3. ማንን እንደምታናግሪ። እኛ የተቃጠልነው እዚህ ላይ ነው። ለምርመራ በሄድንበት ቀን፣ የሆስፒታሉ ቀጠሮ መስጫ መስኮት ጋ ቀረብኩ። በትሕትና ነው የጠየቅኩት፦ «ልጄ በጣም ትፈራለች፤ የምትገባበትን ኮሪደር ከሩቅ እንኳ ብናሳያት? በዕለቱስ ይህን መነጽር ይዤ ብገባ ችግር አለው?» ሰውየው ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ «ወንድሜ፣ እዚህ ሲኒማ ቤት አይደለም። ቀጣይ!» አለኝ። ልጄ እጄን ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መከልከል ይችላል፤ ሥራው ነው። አባትን ልጁ ፊት ማዋረድ ግን ምን ይጠቅመዋል?

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳችንን ሲፈትሽ መነጽሩን አወጣ። «ካሜራ ነው፣ አይገባም» አለ። ስልኩ ከወጣ ባዶ ፕላስቲክ እንደሆነ ከፍቼ አሳየሁት። አልሰማኝም። ድምፁ ከፍ አለ፤ ሌላም ጥበቃ መጣ። ልጄ ስትለማመድበት የከረመችው ነገር ከእጇ ተነጠቀ፣ አባቷም ሲጮኽበት አየች። ከዚያ በኋላ ማን ያባብላት! ዋርድ ገብታም ዝም አላለች፤ እስኪያስመልሳት አለቀሰች። ጭራሽ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ታካሚ ገባና የኛ ቀጠሮ ተላለፈ። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ከሥራ የቀረሁበት፣ ሁሉም ውሃ በላው።

ግን በዚያው ቀን የማደንዘዣ ባለሙያዋን አገኘን። ወጣት ሴት ናት። ልጄን ልታይ መጥታ ለምን እንዲህ እንዳለቀሰች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሰው ልካ መነጽሩን ከጥበቃው አስመጣችና ራሷ ዓይኗ ላይ አድርጋ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየችው። «ጥሩ ነው፣ ግን የኛ ክፍል ጠበብ ይላል፣ የኛ ልብስ አረንጓዴ ነው፣ አልጋችንም ከፍ ያለ ነው፤ ይህን ንገራት» አለችኝ። ከዚያ አዲስ የልጅ ጭምብል ሰጠችን፤ ቤት ወስዳ ትጫወትበት ብላ። እስቲ ይህችን ሴት ከመስኮቱ ሰውዬ ጋር አስተያዪልኝ! አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው እኮ።

ስለዚህ መስኮት ላይ አትድከሚ። ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ በስም ጠይቀሽ አግኚ። መነጽሩ እንዲገባ ለጥበቃው የሚናገርልሽ እሱ ነው። ልጅሽንም ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንዴ ይተዋወቀው።

ጭምብሉ ቤት ሲመጣ መጫወቻ ሆነ። መጀመሪያ አሻንጉሊቷን አስተኛችበት። ቀጥላ አያቷን። አያቷ ነጠላዋን እንደተከናነበች መደቡ ላይ ጋደም ብላ፣ ጭምብሉ አፍንጫዋ ላይ፣ ልጄ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ አይዞሽ፣ ሽታው ያልፋል» ትላታለች። «ፎቶ ብቻ ነው» ትል የነበረችው አያት ናት እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ውሸት አልወጣትም።

በተላለፈው ቀጠሮ ባለሙያዋ ለጥበቃው ነግራልን መነጽሩ ያለ ጭቅጭቅ ገባ። ተራዋ ሊደርስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ቪዲዮውን አንዴ አየችና አስቀመጥነው። በሩ ጋ ስንደርስ እናቷ እንባዋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ልጄ ግን የባለሙያዋን እጅ ያዘችና «ትልቁ መብራት የታለ?» አለቻት። ገባች። አላለቀሰችም። ጭምብሉንም በገዛ እጇ አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች ባለሙያዋ ወጥታ ነገረችኝ። በልጄ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«ልጅ ነው፣ አልቅሶ ይረሳዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው። በፈረንጆቹ 2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ቶንሲላቸውን ባስወጡ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን በፊት በጣም የተጨነቁት በኋላ የበለጠ እንዳመማቸውና እንቅልፍም እንዳስቸገራቸው አሳይቷል።

ረሃቡንም አስቢበት። የተራበና የጠማው ልጅ መነጽር አያረጋጋውም። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀር ማቆም ነው። የናንተው ባለሙያ የሚላችሁ ይቀድማል። ግን «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» ካሉሽና ተራው ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድለት ደግመሽ ጠይቂ። አሳዘነኝ ብሎ በድብቅ የሚያጎርሰው ዘመድም እንዳይኖር፤ ኦፕራሲዮኑ ይሰረዛል። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም የሚፈራ ልጅ አለ። ለዚያ ሚዳዞላም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ስላለ ባለሙያውን ስታገኚ አንሺለት።

መነጽሩ ቤቴ አለ። ከኛ በኋላ ቡሬም ደምበጫም ደርሶ ተመልሷል። ፊት የሚነካውን ስፖንጅ በአልኮል ጠርጌ ወደ ማርቆስ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ፤ ሳንቲም አትከፍዪም። አንቺ ብቻ ዛሬ ማታ ስልክሽ ጋይሮስኮፕ እንዳለው ሞክሪና ከቀጠሮው ቀን ጋር በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።