የሲ አር ፒ ኮንትራት ያለበት መሬት ስለ መግዛት

እህቴ፣ አንቺና ባለቤትሽ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ 80 ኤከር ልትገዙ እንደሆነ ጽፈሻል። ሻጩ «ሳይታረስ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍልበታል» ማለቱ እውነት እንደሆነም ጠይቀሻል። እውነት ነው። እኛም በዚያው አካባቢ እንዲህ ያለ መሬት አለን፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ይህ የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም ነው፤ ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም ይባላል፣ ባጭሩ ሲ አር ፒ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የእርሻ ሕግ ነው። ጎርፍና ነፋስ የሚሸረሽረው መሬት ከእርሻ ወጥቶ ሣር ወይም ዛፍ እንዲለብስ ባለመሬቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈርማል፤ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል፤ ሣሩን ለማልበስ ከሚወጣው ወጪም እስከ ግማሽ ድረስ ይጋራል። የዓመቱ ክፍያ የሚመጣው ከኦክቶበር 1 በኋላ ነው። መጠኑ በአፈሩ ዓይነትና በካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) የኪራይ ዋጋ ስለሚወሰን ሌላ ካውንቲ ያለ ሰው ያገኘውን ሰምታችሁ አታስሉ። የመሬት ግብሩን የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ፤ ክፍያውንም እንደ ገቢ ለታክስ ታስመዘግባላችሁ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቡ መሬቱን ብቻ ተከትሎ አይመጣም። መሬቱ ሲሸጥ ገዢው ካውንቲው ውስጥ ወዳለው የፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ (ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት) ቢሮ ሄዶ ኮንትራቱን ተረክቦ መፈረም አለበት። ካልፈረመ ኮንትራቱ ይፈርሳል፤ ሻጩም የተቀበለውን እንዲመልስ ይጠየቃል። ብዙ ሻጮች «ገዢው ኮንትራቱን ይረከባል» የሚል አንቀጽ በሽያጭ ውሉ ውስጥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ከፈረማችሁ ደግሞ ግዴታው በሙሉ የእናንተ ነው። መሃል ላይ «በቆሎ ዋጋው ጨመረ፣ እንረሰው» ብትሉ የተከፈለው ከነወለዱ ይመለሳል፤ ከዓመቱ ኪራይ 25 በመቶ የሚሆን ቅጣትም ይጨመርበታል።

«ሳይታረስ» ማለት ሳይሠራ ማለት አይደለም። አረሙን መቆጣጠር የባለመሬቱ ሥራ ነው። እኛን ያስቸገረን ካናዳ ቲስል የሚሉት፣ የእኛን ኮሸሽላ የሚመስል እሾሃም አረም ነው። አብቦ ዘሩ መብረር ከጀመረ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤትም ዝም አይልም። ደስ ባለሽ ጊዜ ደግሞ ማጨድ አይቻልም፤ ሚኒሶታ ውስጥ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 1 ወፎች መሬት ላይ የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ ቢሮውን ሳታስፈቅጂ ማጭድ አታስገቢም። አረሙ ያለበትን ቦታ ብቻ ለይቶ ለማከም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ቀድመሽ ጠይቂ።

እኔ ወሎ ነው ያደግሁት፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ የእርሻችንን አፈር ይዞ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወደ መሬታችን ስሄድ ከጎረቤት ማሳ የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ ቡናማ ነው፣ ከእኛ ሣር ሥር የሚወጣው ግን ጥርት ያለ ነው። ለእኔ ከቼኩ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ ሂሳቡ የማያዋጣችሁ ከሆነ ግን በዚህ ብቻ ግዙ አልልሽም። መሬቱ ሜዳና ለም ከሆነ ለገበሬ ማከራየት የተሻለ ያስገኛል፤ ሲ አር ፒ የሚያዋጣው ተዳፋት ወይም ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ ነው።

ባለቤትሽ ገና ዜጋ አለመሆኑም አሳስቦሻል። ክፍያውን ለመቀበል ግሪን ካርድ ካለው ይበቃል፤ ካርዱን ይዞ ቢሮ ይቅረብ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን ሲ አር ፒ-1 የሚባለውን የኮንትራቱን ቅጽና መሬቱ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚገልጸውን የጥበቃ ፕላን ቅጂ ጠይቁት። ከ80ው ኤከር ኮንትራት ውስጥ ያለው ስንቱ እንደሆነ እዩ፣ አንዳንዴ ግማሹ እንኳ አይሆንም። የአንዱ ኤከር ኪራይና ኮንትራቱ የሚያልቅበት ዓመትም እዚያው ላይ አለ። የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30 ነው፤ ሲያልቅም እንደገና መግባት በማመልከቻ እንጂ በመብት አይደለም። የቀረው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ዋጋውን ስትደራደሩ ቼኩን እንደሌለ ቁጠሩት።